የጮሁ ቀለሞች

ቤተሰቦቿ ጭረት ይሏታል። ገና ድክ ድክ ስትል ያገኘችውን ከሰል፣ እርሳስ፣ አንዳንዴም የእናቷን የከንፈር ቀለም እያነሳች ግድግዳውን ስለምትቦጫጭር ታላቅ ወንድሟ ያወጣላት ስም ነው። ስሙ አብሯት አደገ። ሠዓሊ ከሆነች በኋላማ ወንድሟ ትንቢት የተናገረ ያህል ይኮራበት ጀመር። እሱ የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጀማሪ ነጂዎች ነፍሱ ስትንጠለጠል ስለምትውል፣ ቤት ሲገባ በፈለገው ሰው ላይ መቀለድ መብቱ እንደሆነ ያምናል።

መጀመሪያ ሰው የወደደላት የሰው ፊት ስትሥል ነበር። የሟች አባቷን መልክ ከአንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ ላይ አይታ ሥላ ለእናቷ ሰጠቻት። እናቷ ሥዕሉን ሳሎን ሰቅላ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ቁርጥ እሱን አይደል?" ትላለች። እውነትም ቁርጥ እሱን ነው። ጭረት ግን ያን ሥዕል ስትሠራ ልቧን የወሰደው የአባቷ ፊት ሳይሆን የኮቱ ግራጫ ነበር። ትከሻው ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ክርኑ ላይ ቡኒ ቡኒ የሚል፣ ኪሱ አጠገብ ዝናብ ያዘለ ደመና የሚመስል፤ በአንድ ያረጀ ኮት ውስጥ ይህን ያህል ነገር ካለ ፊት ምን ያደርግልኛል አለች። ከዚያ ወዲያ ሸራዋ ላይ ሰው ጠፋ፤ ቤትም ዛፍም ጠፋ። ቀለም ከቀለም ጋር ብቻ ተገናኝቶ የሚሆነውን ትከታተል ጀመር። የሙያው ሰዎች ረቂቅ ሥዕል ይሉታል፤ እናቷ "ያ ነገርሽ" ትለዋለች።

እናቷ ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ለተማሪ ሁሉ "ጎበዝ፣ በርቺ" የማለት ልማድ ስላላት፣ የልጇንም ሸራ ስታይ ያንኑ ብላ ፊቷን ታዞራለች። ጭረት ያን "ጎበዝ" ከስድብ ለይታ አትሰማውም ነበር። ምነው አንድ ቀን እንኳን አስቀያሚ ነው ባለችኝ እያለች ለወንድሟ ታማርራለች።

የምትሠራው ከአንድ ጎሚስታ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ከታች ጎማ ሲነፋና ብረት ሲቀጠቀጥ ይውላል፤ ወለሉ አንዳንዴ እግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል። ክፍሉን የወደደችው ግን በመስኮቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሰፊው ትገባበታለች። እዚያ ሆና የሠራቻቸው ሁለት ትናንሽ ሸራዎች ከሌሎች ወጣት ሠዓሊዎች ሥራ ጋር ተሰቅለው ሳለ አንዲት የጋለሪ ባለቤት አየቻቸው። በዕድሜ የገፋች፣ ለሙገሳ የማትቸኩል ሴት ናት። ሥዕሎቹ ዝም ያሉ ናቸው፣ ግን ሰው ያስቆማሉ አለቻት። ቀጥላም በጋለሪዋ የብቻዋን ዐውደ ርዕይ እንድታሳይ ጠየቀቻት። ጭረት ያን ቀን ከደስታዋ የተነሳ ቤት እስክትደርስ ዣንጥላዋን ጋለሪው ውስጥ እንደረሳችው አላወቀችም።

ችግሩ የመጣው ለዚያ ዐውደ ርዕይ መሥራት ስትጀምር ነው። ያ የምትወደው የከሰዓት ብርሃን ጠላት ሆነባት። ፀሐይዋ ስትገባ ክፍሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ይነጣባታል፤ የሸራው ጠርዝ የት እንደሆነ ይጠፋታል። መስኮቱ ላይ አንሶላ ሰቀለች። የመኪና መብራት ዙሪያውን ጨረር እያበቀለ ይወጋት ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን ቀለሞቹ ናቸው፤ በዘይት ወረቀት ተሸፍነው የምታያቸው ያህል ደበዘዙ።

መጀመሪያ ጥፋቱን በቀለሙ አሳበበች። ሻጩ ጋ ሄዳ የቀጠነ ዕቃ እየሸጥክልኝ ነው ብላ ተጣላችው። ሻጩ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ አዲስ የቀይ ቀለም ቱቦ ከፍቶ ነጭ ወረቀት ላይ ጨመቀና ከዚህ በላይ ቀይ ከየት ላምጣልሽ አላት። ሌላ ደንበኛም አጠገቧ ቆሞ እንዴት ያለ ቀይ ነው ብሎ ተደነቀ። ጭረት ወረቀቱን አየችው። የሸክላ ስባሪ የመሰለ፣ የሞተ ነገር ነው የታያት። ይቅርታ ጠይቃው ወጣች። መንገድ ላይ የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

የአባቷ እህት ትዝ አለቻት። ያቺ አክስቷ በጉልምስናዋ ዐይኗ ጠፍቶ እነሱ ቤት ኖራ ነው የሞተችው። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ስትመጣ፣ ቤተሰቡ ወንበር ከመንገዷ ለማንሳት ይሯሯጥ ነበር። በዘር ይመጣል ሲባል ሰምታለች። ለማንም ላለመናገር የወሰነችው እዚያው ደረጃ ላይ ነው። ሐኪም ቤትም አልሄደችም። ሐኪሙ አንዴ ስሙን ከተናገረው መመለሻ የለውም ብላ ፈራች። ቢያንስ ይህን ዐውደ ርዕይ ላድርስ፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ አለች።

እናም ሠራች። ቀለሙ ሲደበዝዝባት ትጨምራለች፤ አሁንም ሲደበዝዝባት በላዩ ላይ ትደርባለች። የምትፈልገው ያንኑ የድሮውን ለስላሳ ግራጫዋን፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊዋን ነበር፤ እጇ ግን ለዐይኗ እስኪበቃ ድረስ ይደፋል። የጋለሪው ባለቤት ሥራው የት እንደደረሰ ልታይ መጥታ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ሸራዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ምን ነካሽ፣ እንዲህ የሚጮህ ነገር ካንቺ አልጠበቅሁም፣ ደስ ብሎኛል አለች። ጭረት ሴትዮዋ ልታጽናናት ያለችው መሰላት። የሚጮህ ቀለም አልታያትም ነበርና አንገቷን ደፍታ አመሰገነች። ሸራዎቹ ተጠቅልለው ወደ ጋለሪው ሲጫኑ፣ ምን እንደሠራች የማታውቀው ራሷ ሠዓሊዋ ብቻ ነበረች።

ምስጢሩን ያወጣው ወንድሟ ነው፤ ያውም ሊገድላት ደርሶ። አንድ ብርሃናማ ቀን አንዲት ፈሪ ተማሪ እያሰለጠነ የጭረት ስቱዲዮ ባለበት ሰፈር ሲያልፍ፣ እህቱ ፀሐይ ፊቷን እየመታት መንገድ ስትሻገር አየ። ተማሪዋ ክላክስ አደረገች። ጭረት ቆመች። ወደ መኪናው በቀጥታ እያየች፣ ግን ምንም እንዳላየ ሰው፣ እንደገና ወደፊት ተራመደች። ወንድሟ በራሱ በኩል ያለውን ፍሬን ባይረግጥ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ተማሪዋ መሪውን እንደያዘች አለቀሰች። እሱ ወርዶ የእህቱን ክንድ ያዘና ወደ ጥላ ወሰዳት። አልጮኸባትም፤ ጭረትን ያስፈራትም ይኸው ነው።

"እዚያ የቆመውን መኪና ታርጋ አንብቢልኝ" አላት።

"የቱን መኪና?"

ሌላ መኪና ባልነበረበት መንገድ ላይ የቱን ማለቷ ለወንድሟ በቂ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። አንሶላውን፣ ቀዩን ቀለም፣ አክስታቸውን። እሱ ተናግራ እስክትጨርስ ሰምቷት፣ ተማሪዋን ከኋላ አስቀምጦ ራሱ እየነዳ በቀጥታ ወደ ዐይን ሐኪም ወሰዳት።

ሐኪሙ ዕድሜው ጠና ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የዐይኗን ብሌን የሚያሰፋ ነገር ጠብ አድርጎ፣ አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፎ፣ በቀጭን ብርሃን ግራና ቀኝ አያት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ለዐይንሽ የምታደርጊው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ከቦርሳዋ የጠብታ ብልቃጧን አወጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ዐይኗ የማሳከክ ጠባይ አለው፤ አቧራ ሲነሳ ቀልቶ ያብጣል። ይህ ጠብታ በደቂቃ ያበርድላታል። ሲያልቅ እየገዛች፣ ሲያሳክካት ጠብ እያደረገች ኖራለች፤ ማንም ተይ ብሏት አያውቅም።

ሐኪሙ ብልቃጧን አገላብጦ አያትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ስቴሮይድ ነው አላት፤ ለጥቂት ቀን ደግ መድኃኒት፣ ለዓመታት ሲሆን ግን ዐይን ላይ ሞራ የሚያመጣ። ሁለቱም ዐይኖቿ ሞራ አለባቸው፤ ቀኙ ብሶበታል። ይህ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ እሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ይኸው ጠብታ የዐይን ግፊት ከፍ አድርጎ የዐይንን ነርቭ ሊገድል ይችላል፤ ነርቭ ከሞተ ደግሞ የሚመልሰው የለም። እሱን ለመመርመር ወደ ሌላ ክፍል ላካት።

ከምርመራው በኋላ ውጤቱን የጠበቁት ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ነው። ወንድሟ ቀልድ ለመጀመር አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ጭረት አክስቷ በመዳፏ ግድግዳ ስትዳብስ የምታሰማውን ኮሽታ እየሰማች ነበር፤ ለካ ወንድሟ የጫማውን ጫፍ ግድግዳው ላይ እያሸ ነው።

ሐኪሙ አስጠራቸው። ወረቀቶቹን ሳይሆን እሷን እያየ ተናገረ።

"ነርቩ አልተነካም" አለ። "ግፊቱ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ጠብታውን ስታቆሚ ይወርዳል ብዬ አስባለሁ፣ እየተከታተልን እናየዋለን። ሞራውን እኔ አወጣልሻለሁ። ትታወሪያለሽ ብለሽ ከሆነ የመጣሽው፣ አትታወሪም።"

ጭረት ስለ አክስቷ ጠየቀችው። የእሷ ሌላ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፣ አንቺ ላይ ግን ምልክቱ የለም አላት። ወንድሟ የሐኪሙን እጅ ይዞ አልለቅ አለ፤ ሐኪሙ ነገ የምሠራበት እጅ ነው፣ እባክህ ተወኝ እስኪለው ድረስ።

የቀኝ ዐይኗ ቀዶ ጥገና ከዐውደ ርዕዩ መክፈቻ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲሆን ተወሰነ። ወደ ቤት ሲመለሱ እህትና ወንድም አንድ ነገር ተማከሩ። ያንን ጠብታ መጀመሪያ ከፋርማሲ የገዛችላት እናታቸው ናት። ስለዚህ ለእናታቸው ሞራ ነው፣ ይወጣል፣ አለቀ፤ ስለ ምክንያቱ አንድ ቃል እንዳይወጣ ተባባሉ።

ቀዶ ጥገናው ብዙም አልቆየ። ጭረት ጨርሳ ዐይኗ ታሽጎ ስትወጣ፣ ሐኪሙ ለቤተሰቡ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ጀመር፦ ውኃ እንዳይነካው፣ እንዳትፈትገው፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ። እናቷ ሁሉንም እንደ ትጉ ተማሪ ራሷን እየነቀነቀች ትቀበላለች። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ ያ ለዚህ ያደረሳት የማሳከክ ጠብታ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ እንዳይገኝ አለ። ወንድምየው አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቷ "የትኛው ጠብታ?" አለች፤ ሐኪሙም ክፋት የሌለበት ሰው ነውና ስሙን ነገራት።

ቤት እንደገቡ ጭረት አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማች። ከመታጠቢያ ቤት፣ ከቡፌው፣ ከድሮ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ሳይቀር የዛገ ክዳን ያለው፣ ግማሹ ያለቀ፣ የደረቀ፣ ያልተከፈተ ብልቃጥ ሁሉ እየወጣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ሲወድቅ ይንኳኳል።

"እማዬ፣ ነይ ተቀመጪ።"

እናቷ በሩ ላይ መጥታ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም። "እኔ ነኝ የገዛሁልሽ" አለች። "ለጥቂት ቀን ብቻ ነው ብሎኝ ነበር የፋርማሲው ሰውዬ። በማግስቱ ሳይሽ ዐይንሽ ጠርቶ፣ እየሳቅሽ... ደስ አለኝና ሌላ ገዛሁ። ስንቱን ልጅ አስተምሬ፣ ከጠብታው ጋር ያለችውን ብጣሽ ወረቀት አላነበብኩም።"

"ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ የገዛሁት እኔ ነኝ እኮ። እኔም አላነበብኩም።"

"ያስለመድኩሽ ግን እኔ ነኛ።"

ጭረት ባልታሸገው ዐይኗ ወደ በሩ አየች። እናቷ በጭጋግ ውስጥ የቆመች ትመስላለች። "እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው" አለቻት። "ጠብታው ሳይመጣ በፊት፣ እንዳልፈትገው ሁለቱን እጄን በአንድ እጅሽ ይዘሽ፣ በሌላው የተማሪ ደብተር ታርሚ ነበር። እንቅልፍ እስኪወስደኝ አትለቂኝም። እሱን ነው የማስታውሰው።"

እናቷ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ትንሽ አለቀሱ፤ ጭረት ዐይኗ እንዳይነካ ተጠንቅቃ፣ በግማሹ። ኋላ እናቷ ተቀይመሽኛል ብላ ጠየቀች።

"ብቀየምሽ ሾርባሽን እጠብቃለሁ?" አለቻት።

እናቷ ያኔ እሳት ላይ ጥዳው የረሳችው ሾርባ ትዝ አላትና ሮጣ ወጣች። ያረረ ሾርባ ነው የበሉት፤ ሦስቱም ግን ጠርገው ጨረሱት።

በማግስቱ ሐኪም ቤት እሽጉ ሲፈታ ጭረት መጀመሪያ ያየችው የክፍሉን መጋረጃ ነው። አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴነቱ አላልቅ አላት፤ እጥፋቱ ውስጥ የጠቆረው፣ ብርሃን የነካው፣ ጫፉ ላይ የነጣው። ቀጥሎ ነርሷን፣ ቀጥሎ እናቷን አየች።

"እማዬ፣ ሸበትሽ።"

"ድሮም ሸብቻለሁ" አለች እናቷ። "አላየሽም እንጂ።"

ወዲያው ወደ ጋለሪው ውሰዱኝ አለች። ወንድሟ ነዳ። ሥዕሎቿ ተሰቅለው አልቀዋል፤ የጋለሪው ባለቤት መሰላል ላይ ከወጣ ሠራተኛ ጋር መብራት ታስተካክላለች። ጭረት ገባችና መሐል ላይ ቆመች።

ግድግዳው እየነደደ ነበር። ለስላሳ ግራጫ ያለችው ሐምራዊ ነው። የደበዘዘ ቡኒ ብላ የቀባችው ብርቱካን፣ ያውም ዐይን የሚያስጨፍን ብርቱካን። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊዋ ሌላውን ሁሉ እየገፋ ከሸራው ሊወጣ ደርሷል። ቀኝ ዐይኗን በእጇ ሸፈነች፤ በግራው፣ ሞራው ባልወጣለት፣ ያቺ የምታውቃት ጸጥ ያለች ሥዕል ተመልሳ ብቅ አለች። ግራውን ሸፈነች፤ ጩኸቱ መጣ። እንዲህ እያለች፣ አንዱን ዐይን ሸፍና ሌላውን እየገለጠች፣ አዳራሹን ዞረችው። ፊቷ በእፍረት ጋለ። እርቃኗን ሰው ፊት የቆመች ያህል ተሰማት።

ለጋለሪው ባለቤት ሁሉንም ነገረቻትና ሥዕሎቹ እንዲወርዱ ለመነቻት። እኔ አይደለሁም የሠራኋቸው፣ በሽታው ነው አለች። ሴትዮዋ ዐውደ ርዕዩ ገና ስላልተከፈተ ማውረዱ አይከብድም አለች፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጠየቀቻት።

"ዐይንሽ ቀለሙን ነው የደበቀብሽ። የት ላይ ምን ይሁን ብሎ የወሰነው ማነው? እሱም ሞራው ነው?"

ጭረት እንደገና ዞረች፤ አሁን በደህናው ዐይኗ ብቻ፣ የሌላ ሰው ሥራ እንደሚመለከት ሰው። ሐምራዊው ከብርቱካኑ ጋር የተገናኘበት ጠርዝ በትክክል ቦታው ላይ ነው። ሰማያዊው እየገፋ ያለው ሊይዘው የሚችል ነገር አጠገቡ ስላለ ነው። ክብደቱን ያመጣጠነችው እሷ ናት፤ እጇን አወቀችው። አንደኛው፣ ከሁሉም ትልቁ ቀይ ሸራ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። እሱ በፍርሃት ቀለም እየደፋች ብቻ የሄደችበት ነው፤ ከመደፋት በቀር ምንም የለበትም። ይህ ይውረድ አለች። ወረደ። ሌላው ይቆይ አለች።

እናቷ በዚህ መሐል ብቻዋን ትዞር ነበር። አንዱ ሸራ ፊት ቆማ ቆየችና ልጇን በምልክት ጠራቻት።

"ይኼኛውን አልወደድኩትም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ራሴን ያዞረኛል። ያ ጥግ ላይ ያለው ግን... እሱ ጋ ሁለቴ ተመለስኩ። ምን እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ።"

ጭረት አልጠየቀቻትም። እናቷን አቅፋ ሳቀች። ጎበዝ የሚለው ቃል አለመውጣቱን ልብ ያለችው ኋላ ነው።

በመክፈቻው ቀን ሰው መጣ፤ ከጠበቀችው በላይ መጣ። አንዳንዱ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ወጣ፤ ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ ሆና የሰዎቹን ግንባር መኮሳተር ማየት መቻሏ ራሱ ደስ አሰኛትና መከፋቱን ረሳችው። አንዲት ወጣት ሴት ሐምራዊው ፊት ሰዓቷን ረስታ ቆመች። የድሮ ሥራዎቿን የሚያውቁ ሠዓሊ ጓደኞቿ ምን መጣብሽ ብለው ሲጠይቋት፣ የዐይን ሞራ ነው አለቻቸው፤ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ወንድሟ ግራውን ዐይን ለሥዕል ስትዪ ተይው ብሎ መከራት። እሷ ግን ለግራውም ቀጠሮ ይዛለች፤ ያ የደበዘዘ ዓለም አንድ ቀን እንኳን አልናፈቃትም።

በማግስቱ ስቱዲዮዋ ሄደች፤ ግን አልሠራችም። ብሩሾቿን አጠበች፣ ወለሉን ጠረገች፣ ከዚያ ከታች ጎማ እየተነፋ፣ ብረት እየተቀጠቀጠ፣ አሮጌው ሶፋ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ጣላት። የቀሰቀሳት የእናቷ ስልክ ነው። እናቷ ምሳ በልተሽ ይሆን ብላ ጠየቀች፤ አልበላሁም፣ ተኝቼ ነው አለቻት።

"ደግ አደረግሽ" አለች እናቷ። "በይ ተኚ፤ እኔ በኋላ እደውላለሁ።"